ከእፍኝ እስከ ሚሊግራም

ይህ ጽሑፍ በቅርቡ አራት ኪሎ አካባቢ በተዘጋጀ አንድ የጤና ውይይት ላይ የተናገርኩት ነው። ያልተገኙ ወዳጆቼ ስለጠየቁኝ ከድምፅ ቅጂው ላይ ገልብጬዋለሁ። አነጋገሬን ብዙም አልነካካሁትም።

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከኋላ የቆማችሁ ልጆቼም፣ እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። እስቲ ከፊት የተቀመጣችሁ ወጣቶች ለእናቶች ወንበር ልቀቁላቸው። ተባረኩ።

መናገር ሳልጀምር አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይቺ በእጄ የያዝኳት ምንድን ናት? ማን ያውቃታል? አዎ እማማ፣ ልክ ብለዋል። ኮሶ ናት። የሴቷ ዛፍ አበባ ናት፤ ደርቃ። ትናንት መርካቶ ወርጄ ነው የገዛኋት። ከእጅ ወደ እጅ አዙሯት። እዩዋት፤ አሽትቷት። አደራ፣ እንዳትቀምሷት። ለምን እንዳልኩ በኋላ እነግራችኋለሁ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ከሠላሳ ዓመት በላይ መድኃኒት ቤት ቆሜ ሠርቻለሁ። ያደግሁት ደግሞ ፒያሳ ነው፤ ከዶሮ ማነቂያ ሥጋ ቤቶች ጀርባ። ከልጅነቴ ጀምሮ በአንድ በኩል የቁርጥ ቢላዋ ሲሳል እሰማለሁ፤ በሌላ በኩል አያቴ ሙቀጫ ውስጥ ኮሶ ስትወቅጥ እሰማለሁ። እነዚህ ሁለት ድምፆች አንድ ታሪክ መሆናቸው የገባኝ ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ኮሶ። ቀጥሎ ስለ እንዶድ። በመጨረሻ ከቻይና ስለመጣ አንድ ቅጠል። ሦስቱም ዕፅዋት ናቸው። ሦስቱም በሰውነታችን ላይ ተጠግተው ከሚኖሩ ተዋስያን ጋር የተያያዙ ናቸው። ሦስቱን አንድ ላይ ያመጣሁበት ምክንያት አንድ ቃል ነው። መጠን። ይቺን ቃል ዛሬ ደጋግሜ እላታለሁ፤ ታገሱኝ። የምጠራቸው ዓመታት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው።

ቋንቋችንን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሲርበን ምን እንላለን? «ወስፋቴ ጮኸ» እንላለን። የምግብ ፍላጎት ሲጠፋብን «ወስፋቴ ተዘጋ» እንላለን። ወስፋት እኮ የአንጀት ትል ነው! ትሉ ከእኛ ጋር ስንት ዘመን ቢኖር ነው ለረሃባችን ስም የሆነው? ኮሶም እንደዚያው ነው። «ኮሶ አለበት» ስንል ትሉን ነው። «ኮሶ ጠጣ» ስንል መድኃኒቱን ነው። «ኮሶ ዛፍ» ስንል ደግሞ ዛፉን ነው። በሽታውና መድኃኒቱ አንድ ስም አላቸው። ሕዝባችን ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያውቃቸው።

አያቴን «እማማ» ነበር የምንላት። ኮሶ የምትሰጥበትን ቀን አስታውሳለሁ። ከዋዜማው ጀምሮ ከበድ ያለ ምግብ የለም። አበባውን ከዘለላው ትለቅማለች። ቀዩን ትመርጣለች፤ ነጣ ያለውን ትጥላለች። በእፍኟ ትሰፍራለች። ለትልቅ ሰው እፍኝ ሙሉ፤ ለቀጭን ሰው ጎደል ታደርጋለች። ወቅጣ በውሃ ትዘፈዝፈዋለች። በማግስቱ በባዶ ሆድ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ያን ቀን እንግዳ አይመጣም። ሰው ቢጠራም «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ በቃ፣ ማንም አይቀየምም። መራራነቱን የቀመሰው ያውቀዋል። ከቀትር በፊት ሆድ ያስቀምጣል፤ ትሉም ይወጣል። ከዚያ አጥሚት ይጠጣል፤ ይተኛል።

እማማ ይህን ሥራዋን በየሁለት ወሩ ትደግመው ነበር። ለምን? ብዙ ሰው «ጥሬ ሥጋ ስለማይቀር ነው» ይላል። ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ልንገራችሁ።

የኮሶ ትል ረጅም ነው። አምስት ሜትር፣ አንዳንዴም አሥር ሜትር ይደርሳል። ጭንቅላቱ ግን የስፒል አናት ብታክል ነው። በጭንቅላቱ ላይ አራት መምጠጫዎች አሉት፤ በእነሱ የአንጀትን ግድግዳ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። አዲሱ አካል የሚበቅለው ከጭንቅላቱ ሥር ነው። አሮጌው በጫፍ በኩል እየተቆረጠ ይወጣል። በውስጡ እንቁላል ሞልቶበታል። ሜዳ ላይ ሲጣል ከብት ከሣር ጋር ይበላዋል። እንቁላሉ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ ያንን ሥጋ በሚጥሚጣ እንበላዋለን።

እንግዲህ ኮሶ ጠጥተን ስድስት ሜትር ትል ወጣ እንበል። ጎረቤት ሁሉ «እሰይ!» አለ። ጭንቅላቱ ግን እዚያው ከቀረ ምን ይሆናል? እንደገና ያድጋል። ሁለት ሦስት ወር ይበቃዋል። እማማ ይህን በማይክሮስኮፕ አላየችውም። ግን የወጣውን ትል በእንጨት እያገላበጠች ቀጭኑን ጫፍ ትፈልግ ነበር! «ራሱ ወጥቷል? ራሱ ካልወጣ ተመልሶ ይመጣል» ትል ነበር። እኔ ይህን ከመምህሬ ስሰማ ዕንባዬ መጣ። እማማ ፊደል አልቆጠረችም። የትሉን ሕይወት ግን ታውቅ ነበር።

የኮሶ ዝና ወደ ውጭም ወጥቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጽፎበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን በመድኃኒት መዝገባቸው ውስጥ አስገቡት። የእኛ ደጋ አበባ በለንደንና በፓሪስ መድኃኒት ቤቶች በግራም ተመዝኖ ይሸጥ ነበር ማለት ነው። ኬሚስቶችም ውስጡን ፈተሹ። ኮሶቶክሲን የሚባልና ወንድሞቹ የሆኑ ንጥረ ነገሮች አገኙ። እነዚህ ናቸው ትሉን የሚያደክሙት። ትሉ ጡንቻው ሲላላ የያዘውን አንጀት ይለቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። «እንዳትቀምሷት» ያልኩበት ምክንያት ይህ ነው።

ልጅ እያለሁ በግቢያችን አንዲት ሴት ነበሩ። ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ ነበሩ። እማማ ለቅሶ ወደ ገጠር ሄዳ ሳለ ኮሶ ያስፈልጋቸዋል። ራሳቸው ገዝተው፣ ራሳቸው ወቅጠው ጠጡ። የመጀመሪያው አልሠራ ሲላቸው በዚያው ቀን ደገሙት። ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው አደረ። በማግስቱ «ዓይኔ ላይ ጉም ወረደ» አሉ። ያ ጉም ሙሉ በሙሉ አልተነሳላቸውም። እማማ ስትመለስ ምንም አልተናገረችም። ሙቀጫዋን አጥባ ደፋችው። ለብዙ ጊዜ ለማንም አልሰጠችም።

ኮሶ ሲበዛ የዓይንን ነርቭ እንደሚጎዳ በኋላ ከመጽሐፍ አነበብኩ። ፅንስ እንደሚያስወርድም አነበብኩ። ስለዚህ እናንተ ወጣት ሴቶች፣ ነፍሰ ጡር ሆናችሁ ኮሶ እንዳትጠጡ። ምናልባት አርግዤ ይሆን ብላችሁ ከጠረጠራችሁም እንዳትጠጡ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ እንዳትጠጡ።

ታዲያ እማማ ያልበደለችውን አበባ ያን ቀን ምን ለወጠው? መጠኑ ነው። የእኔ እፍኝና የእናንተ እፍኝ አንድ ነው? አይደለም። ዘንድሮ የተለቀመ አበባና ሦስት ዓመት ጓዳ የከረመ አበባ ጉልበታቸው አንድ ነው? አይደለም። የከረመው ጉልበቱ ስለሚቀንስ ሰው ይጨምርበታል። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ የተለቀመ አበባ አግኝቶ በለመደው ልክ ይጠጣል። ጉዳት የሚመጣው እንዲህ ነው።

ዛሬ መድኃኒት ቤት ብትመጡ ለኮሶ ትል ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል ትወስዳላችሁ። ኒክሎሳማይድ ለአዋቂ ሁለት ግራም ነው፤ አራት ፍሬ። ታኝካችሁ ትውጣላችሁ፤ አበቃ። ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አይገባም። ትሉን ያገኘዋል፤ እናንተን ግን ያልፋችኋል። የእማማ ኮሶ ይህን መለየት አይችልም ነበር።

ይህን የምለው እማማን ለማሳነስ አይደለም። እኔ ራሴ አንዴ ያንን ስህተት ሠርቻለሁ፤ ልንገራችሁ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ገና ጋዎኔ አዲስ ነው። አንዲት እናት መጡና «ልጄ፣ ኮሶውን ከጠጣሁ በኋላ ይህን ኪኒን ልጨምርበት?» አሉኝ። እኔ ተቆጣሁ። «በዚህ ዘመን ኮሶ ይጠጣል እንዴ!» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አንገታቸውን ደፉና ወጡ። ኪኒኑንም ትተውት ሄዱ። ስንት ጠጡ? መቼ ጠጡ? ሌላ ሕመም ነበረባቸው? አልጠየቅኋቸውም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ አልቀረብኝም። «ሌላ ምን ወስደዋል? ቅጠልም፣ ሥርም ቢሆን ይንገሩኝ፤ አልቆጣም» እላለሁ። ስንት ነገር ሰማሁ መሰላችሁ! እንቆቆ፣ መተሬ፣ ቀጨሞ፣ ብሳና፣ የዱባ ፍሬ፣ የፓፓያ ፍሬ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኛ የጤና ባለሙያዎች ስንቆጣ ግን የሚያሸሽገው ማነው? እኛው ነን።

ከእነዚህ መካከል መተሬን ላንሳ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የመተሬን ዘር ጨምቀው ወደ እንክብል ለመለወጥ ሠርተዋል። እያንዳንዷ ፍሬ እኩል ንጥረ ነገር እንድትይዝ ማለት ነው። ለእኔ ትልቅ ሥራ የምለው ይህንን ነው። እንቆቆና ቀጨሞ ውስጥም ኤምቤሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ስለ እሱ ግን ጊዜ የለኝም፤ ልለፈው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። እንዶድ።

ልብስ በእንዶድ ሲታጠብ ያየ እጁን ያውጣ። ጥሩ፣ ብዙ ናችሁ። የነጠላን ንጣት እንደ እንዶድ የሚጠብቅ ሳሙና የለም ይሉ ነበር እናቶቻችን።

በ1964 አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዓድዋ ሄደ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላል። የሄደው ብልሃርዝያን ለማጥናት ነው። ብልሃርዝያ ከውሃ የሚመጣ ትል ነው። ትሉ ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ይወጣል፤ በቆዳችን ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ አክሊሉ ወንዝ ለወንዝ እየሄደ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። በአንድ ቦታ ከሌላው ይልቅ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አየ። ቀና ሲል ከበላዩ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። በምን? በእንዶድ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት ሰው አልፏል? ስንት የተማረ ሰው አልፏል? የሞተ ቀንድ አውጣ ያየም ይኖራል። አክሊሉ ግን ጠየቀ። ከሴቶቹ አንዷን አረፋውን ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ቦታ እንድታፈስለት ለመናት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ ፍሬውን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰደ። ምን ያህል እንዶድ በምን ያህል ውሃ? በስንት ሰዓት? ይህን ለካ። አያችሁ፣ እንደገና መጠን መጣ።

የሚገድለው ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚሠራ ንጥረ ነገር ነው። አንዱ ሳፖኒን በስሙ ለማቶክሲን ተባለ። አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ዛሬ ኢንስቲትዩቱ በስሙ ይጠራል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዝርያዎችን እየመረጠ ጠንካራውን 44 ቁጥር እንዶድ አወጣ። በ1989 ሁለቱም «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተካፈሉ። አክሊሉ በ1997 አረፈ። ነፍሱን ይማረው።

ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት እንዶድ በወንዞች ላይ ተረጨ። በከተማው ብልሃርዝያ የነበረበት ሰው ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። ከ50 ወደ 7! እነዚያ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ግን አጥርቼ ልናገር። እንዶድ ወንዙን ነው የሚያክመው፤ ሰውን አይደለም። ለሆድ ትል፣ ለእብድ ውሻ በሽታ፣ ለሌላም ብለው የሚያጠጡ አሉ። እባካችሁ! ሳፖኒን የቀንድ አውጣን ሰውነት የሚያፈርሰውን ያህል የእኛንም አንጀት ያቆስላል። ወንዝ ውስጥም ሲበዛ ዓሣ ይገድላል። ብልሃርዝያ የያዘው ሰው የሚታከመው በፕራዚኳንቴል ነው። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ 40 ሚሊግራም ነው። በየትምህርት ቤቱ ሲታደል አይታችሁ ከሆነ ልጆቹ በአንድ ባለ ምልክት እንጨት ቁመታቸው ይለካል። ሚዛን በሌለበት ቦታ ቁመቱን አይተው ስንት ፍሬ እንደሚሰጡት ያውቃሉ። አንድ እንጨት ናት። ብዙ ሚሊዮን ሕፃናት ግን በእሷ ልካቸውን አግኝተዋል። እማማ ብታያት ትወዳት ነበር።

አክሊሉ ግን ብዙ ታግሏል። ግኝቱ በዓለም ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ዓመታት ፈጅቷል። የመርዛማነት ጥናት እንደገና ይሠራ ተባለ፤ ገንዘብ አልተገኘም፤ ጊዜው ሄደ። በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ የውሃ ቱቦ የሚደፍን ባለ ዛጎል እንስሳ መጣባቸውና እንዶድ ይገድለዋል ተባለ። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። የዓድዋ ሴቶች ከዚያ ምን አገኙ? ምንም። ይህ ይቆረቁረኛል። ዛሬ ቢያንስ ሕግ አለን። የማኅበረሰብ ዕውቀትንና የዘረመል ሀብትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482 በ2006 ወጥቷል። በሥራ ላይ እንዲውል መጠየቅ የእናንተ የወጣቶች ድርሻ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ወባ።

አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ወባ የለባትም እንላለን። ግን አውቶቡስ ተራው ምን ይሠራል? መተማ የሄደ፣ ጋምቤላ የሄደ፣ አዋሽ ለሥራ የወረደ ይዟት ይመጣል። በ1958 በአገራችን የደረሰውን የወባ ወረርሽኝ አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ሦስት ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ያህል ሞተ ተብሎ ተገምቷል።

የወባ መድኃኒት ታሪክ ከጥንትም የዛፍና የቅጠል ታሪክ ነው። ኪኒን የሚለውን ቃል ከየት አመጣነው? ከኩዊኒን ነው። ከደቡብ አሜሪካ የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት በ1820 ሁለት የፈረንሳይ ፋርማሲስቶች ለይተው ያወጡት ንጥረ ነገር ነው። እኛ ዛሬ የራስ ምታቱንም፣ የደም ግፊቱንም ኪኒን እንለዋለን። የአንድ ቅርፊት ስም ለመድኃኒት ሁሉ ስም ሆነ።

በ1967 ደግሞ ቻይና ውስጥ ለወባ መድኃኒት ፍለጋ ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ቱ ዮዮ የምትባል ተመራማሪ ከቡድኗ ጋር የጥንት መጻሕፍትን አገላበጠች። ከ2,000 በላይ የባህል መድኃኒት ቅመማዎችን ሰበሰበች። አንደኛው ቅጠል፣ የአርቴሚሲያ ዝርያ ነው፣ አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ አይሠራም። ግራ ገባት። ከዚያ ገ ሆንግ የተባለ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም የጻፈውን እንደገና አነበበች። ምን ይላል መሰላችሁ? «እፍኝ ቅጠል ውሰድ፤ በሁለት መስፈሪያ ውሃ ዘፍዝፍ፤ ጨምቀህ ጭማቂውን ሁሉ ጠጣ።»

እፍኝ! እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን እማማን አሰብኩ። ሙቀጫዋን፣ መዳፏን።

ቱ ዮዮ ግን ሌላ ነገር አየች። ሐኪሙ «ዘፍዝፍ» አለ እንጂ «አፍላ» አላለም። ለካስ ሙቀቱ ነው ንጥረ ነገሩን የሚያበላሸው! ስለዚህ ከውሃ ይልቅ በ35 ዲግሪ በሚፈላ፣ ኢተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው። ጥቅምት 4 ቀን 1971፣ በፈረንጅ፣ 191ኛው ናሙና የአይጦቹን ወባ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በማግስቱ ለሰው ሰጠችው? አልሰጠችም። መጀመሪያ በእንስሳት ላይ መርዛማነቱን አዩ። ከዚያ በ1972 እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ነው ለሕሙማን የተሰጠው። ቆይቶም ንጥረ ነገሩን ለብቻው ለዩት፤ አርቴሚሲኒን ነው። በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች።

እንዴት ይሠራል? የወባ ተዋስ የደማችንን ቀይ ነገር ይበላል። ሲበላ ብረት ይለቀቃል። አርቴሚሲኒን ውስጥ ሁለት ኦክስጅኖች ተያይዘው ድልድይ ሠርተዋል። ድልድዩ ብረቱን ሲያገኝ ይሰበራል፤ ተዋሱንም ያቃጥለዋል። የሆዳምነቱ ምግብ ራሱ ክብሪት ይሆንበታል ማለት ነው። እግዚአብሔር በአንዲት ቅጠል ውስጥ ምን እንዳስቀመጠ ተመልከቱ።

ኮአርተም የምትሉት መድኃኒት የዚህ ልጅ ነው። አርቴሜተርና ሉመፋንትሪን አንድ ላይ። በአገራችን ከ2004 ጀምሮ ፋልሲፓረም ለሚባለው ወባ ዋና መድኃኒት ሆኗል። ለአዋቂ በሦስት ቀን 24 ፍሬ ነው። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ያለዚያ ሉመፋንትሪኑ በደንብ አይገባም። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢጠፋም 24ቱ ያልቃል። እባካችሁ፣ ያልቃል። ግማሹን ለጎረቤት ማስቀመጥ የለም።

አሁን አንድ ታሪክ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ዘመዳችን ከቆላ ተመለሰ። ያተኩሰዋል። ቤተሰቡ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ሰጠው። ከዚያ አንድ ሰው «የወባ ሻይ ነው» ብሎ ደረቅ የአርቴሚሲያ ቅጠል አመጣለት። ሳምንት ሙሉ ሻይ ጠጣ። መጀመሪያ ቀለል አለው፤ ደስ አላቸው። በሳምንቱ ተመልሶ ጣለው። እኔ ጋ ሲያመጡት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ስሙን አያውቅም። በላዳ ይዤው ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። በአርቴሱኔት መርፌ ተረፈ። አርቴሱኔት እኮ ከዚያው ከአርቴሚሲኒን የሚሠራ ነው! ቅጠሉ ያላዳነውን ልጅ የቅጠሉ ልጅ አዳነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? በሉ እናንተው መልሱ። አዎ። መጠን።

ሻይው ውስጥ ስንት ሚሊግራም አለ? ማንም አያውቅም። አንዱ ማሳ ብዙ አለው፤ ሌላው ምንም ያህል የለውም። ትንሽ መጠን ደግሞ ተዋሱን አይገድለውም፤ ያለማምደዋል። በኤርትራ፣ በሩዋንዳና በኡጋንዳ አርቴሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋም ወባ ተረጋግጧል። በእኛም አገር የዚሁ ምልክት የሆነ የዘረመል ለውጥ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን የማይመክረው ለዚህ ነው። ይህ መድኃኒት ከእጃችን ቢወጣ በቦታው የምንተካው በቀላሉ አይገኝም።

ደግሞ አንድ ስህተት ላርም። «አሪቲም አርቴሚሲያ ነው፤ ስለዚህ ለወባ ይሆናል» የሚሉ ሰዎች አሉ። አሪቲና ጭቁኝ የዚያች ቅጠል ዘመዶች ናቸው። ዘመድ ግን ራሷ አይደለም። መድኃኒቱ የሚወጣው ከቻይናዋ ዝርያ ነው። አሪቲያችሁን ለበዓል ጎዝጉዙት፤ ቤታችሁ ይሽተት። ለወባ ግን ደማችሁን ተመርመሩ።

ወጣት ተመራማሪዎች እዚህ እንዳላችሁ አያለሁ። ለእናንተ አንድ ቃል። «ይህ ቅጠል በብልቃጥ ውስጥ ተዋሱን ገደለ» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ይወጣል። ደስ ይላል፤ መጀመሪያ ነው። ግን በረኪናም በብልቃጥ ውስጥ ይገድላል። ጥያቄው ሌላ ነው። ተዋሱን ሲገድል የሰውን ሕዋስ ይተዋል ወይ? ከአንጀት ወደ ደም ይገባል ወይ? ጉበት ሳያጠፋው ስንት ሰዓት ይቆያል? ድሮ ለአሜባ ኤመቲን የሚባል ከዕፅ ሥር የሚወጣ መድኃኒት ነበር። አሜባውን ይገድል ነበር፤ ግን ልብንም ይጎዳ ነበር። ስለዚህ በሜትሮኒዳዞል ተተካ። ቆዳን የሚያቆስለው ቁንጭርና የውስጥ አካልን የሚጎዳው ካላዛር ዛሬም የተሻለ መድኃኒት ይፈልጋሉ። መርፌው ያማል፤ ይረዝማል፤ ይመርዛል። እዚያ ላይ ሥሩ። ግን እስከ መጨረሻው ሂዱ፤ ብልቃጡ ላይ አትቁሙ።

ለባህል ሐኪሞቻችንም በአክብሮት አንድ ልመና አለኝ። ሦስት አባቶች እዚህ መጥታችኋል፤ አመሰግናለሁ። «የመድኃኒቱ ስም ከተነገረ ይረክሳል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ምስጢሩን ለልጅ ብቻ እንደምታወርሱም አውቃለሁ። ልጁ ግን ዛሬ የት ነው? ቦሌ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ወይም ውጭ አገር ነው። እማማም ለእኔ ብዙ ነገር ሳትነግረኝ ነው የሄደችው። ስድስት ወይም ሰባት ቅጠሎች ነበሯት። እኔ የማውቀው ሦስቱን ብቻ ነው።

እዚሁ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። የአገራችን ዕፅዋት ደርቀው፣ ስማቸውና የተገኙበት ቦታ ተጽፎ የተቀመጡበት ነው። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ምክንያቱም አንዱ ቀበሌ «መተሬ» የሚለው ሌላው ቀበሌ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አያታችሁ የምትጠቀምበት ቅጠል ካለ ከነአበባው፣ ከነፍሬው በጋዜጣ መሃል አድርቁት። የት እንደተለቀመ፣ በየትኛው ወር እንደተለቀመ፣ ለምን እንደሚሆን፣ ስንት እፍኝ እንደሚሰፈር ጻፉ። የአያታችሁንም ስም ጻፉ። የእሷ ዕውቀት ነውና ስሟ ይቀመጥ።

ኮሶዋ የት ደረሰች? እሺ፣ እዚያ ናት። አንተ ከኋላ ያለኸው ልጅ፣ ቅድም ጀምሮ እጅህን አንስተሃል። መጀመሪያ ግን ጣትህን አትላስ፤ በውሃ ታጠበው። በል ጠይቅ።